የአስቴር ማማ

ሰው ዓሣ ለማጥመድ ሲነሳ ከዓሣው በፊት የሚያጠምደው ዕቃ ነው። ዓሣ ብቻም አይደለም፤ እስቲ ዙሪያችሁን ተመልከቱ። ጠዋት ጠዋት ልሩጥ ያለ ሰው ጫማ ሲያማርጥ ክረምቱ ይገባበታል። ድርሰት ልጻፍ ያለ ሰው መጀመሪያ እስክሪብቶ ይለውጣል፣ ቀጥሎ ጠረጴዛ ይለውጣል፣ በመጨረሻ ሐሳቡን ይለውጣል። ዕቃው ሲሟላ ሥራው የተጋመሰ ይመስለናል፤ በዚያች ግማሽ ተጽናንተን ዕድሜያችንን የፈጀን ሰዎች ጥቂት አይደለንም። አበው «ሙያ በልብ ነው» ብለው ነበር። ችግሩ፣ ልብ ከመጋዘን በሞዴል ሃያ ሁለት ወጪ ተደርጎ የሚሰጥ ነገር አይደለም። ድንኳን ግን ይሰጣል።

እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። እኛ ዘንድ ዓሣ የሚታወቀው በጾም ወራት ነው፤ እሱም በመብል ሳይሆን «ይበላል፣ አይበላም» በሚለው ክርክር። እንዲህ ያለሁት ሰው በደርግ ጊዜ፣ የዲፕሎማዬ ማኅተም ሳይደርቅ፣ አርባ ምንጭ ተመደብኩና በጫሞ ሐይቅ ላይ ለሚሠራ አንድ የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ጸሐፊና የሙያ አማካሪ ሆንኩ። ጸሐፊነቱስ ደግ፤ መጻፍ እችላለሁ። አማካሪነቱ ነው ጉዱ። ከአዞ ጋር ተጎራብተው ላደጉ፣ ጉማሬን በድምፁ ለይተው ለሚያውቁ ሰዎች ነው እንግዲህ ዓሣ እንዴት እንደሚያዝ የማማክረው! ታዘዝክ ከተባልክ ግን ምን ይደረጋል? የሁለት ሳምንት ኮርስና አንድ መመሪያ አስይዘው ሰደዱኝ።

መመሪያው ከፈረንጅ ቋንቋ የተተረጎመ ሲሆን የሚናገረው ካርፕ ስለሚባል ዓሣ ነበር። ካርፕ ባለጢም፣ ወፍራም፣ ጭቃ ለጭቃ የሚኖር፣ ከመጉረሱ በፊት ረጋ ብሎ የሚያስብ ዓሣ ነው። እሱን ለመያዝ ነፋስ የማያስገባ፣ ወለል ያለው ድንኳን ከውሃው ዳር ደልዳላ ሣር ላይ መትከል፤ ባለመዘውር ረጅም ዘንግ ማዘጋጀት፤ ድብልብል የተቀቀለ ሊጥ መንጠቆ ላይ መሰካት፤ ከዚያ ቀናትን በትዕግሥት መጠበቅ ያስፈልጋል። ጥሩ ምክር ነው፤ ያኔ ጫሞ ውስጥ ካርፕ አልነበረም እንጂ። ነጭ ዓሣ አለ፤ ሰው የሚያህል፣ ዓሣ በል፣ ሊጥ የሚንቅ። አምባዛ አለ፣ ቆሮሶ አለ። መመሪያው ስማቸውን ያላነሳቸው አዞና ጉማሬም አሉ። እኔ ግን መመሪያውን ሦስት ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ስላነበብኩት ስህተቱ የሐይቁ መስሎኝ ነበር።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር ጓድ ዘለቀ ይባላሉ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ወንበር የሚወዱ ሰው ነበሩ። «ዓሣ የሚገማው ከአናቱ ነው» የሚባለውን ተረት፣ የዓሣ ማኅበር ሆነን ሳለን፣ በዚያ ዘመን አንድ ቀን አፍ አውጥቶ የተረተ አባል አላስታውስም።

ከአባሎቻችን መካከል ሻንቆ የሚባል ጎበዝ አስጋሪ ለብሔራዊ ውትድርና ተጠርቶ ወደ ሰሜን ሄደ። ዓመት አለፈ። ሁለት ጊዜ ደብዳቤ መጣ፤ ከዚያ ቀረ። ጓድ ዘለቀ ስብሰባ ጠሩና «ባዶ ቦታ የምርት ጠላት ነው» ብለው ቦታው ለሚስታቸው ወንድም ለጌታሁን እንዲሰጥ ሐሳብ አቀረቡ። «ሐሳብ አቀረቡ» ስል በዚያ ዘመን የነበራችሁ ትረዱኛላችሁ። እጃችን ሊወጣ ግማሽ መንገድ ላይ ሳለ ከበሩ በኩል የሴት ድምፅ መጣ።

«ባሌ አልሞተም።»

የሻንቆ ሚስት አስቴር ነበረች። ላንቴ ከሚባለው መንደር የገበሬ ልጅ፣ ቀጭን፣ ዕድሜዋ ከእኔ ብዙም የማይርቅ፣ ስትናገርም ስትሄድም መሬት መሬት የምታይ ሴት ናት። ጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ወዲህ እሷና መሰሎቿ መዝሙራቸውን በየቤታቸው በሹክሹክታ መዘመር ለምደው ነበር፤ ድምፅዋም ያንኑ ልማድ ይዞ ነው መሰለኝ ዝቅ ያለ ነበር። ሁላችንም ግን ሰማነው።

«ሞተ አላልንም» አሉ ጓድ ዘለቀ። «ቦታው ግን ሰው ይፈልጋል።»

«ሰው አለ። እኔ እሠራበታለሁ። ሻንቆ ሲመጣ ቦታው ከሌለ ወዴት ይገባል?»

አዳራሹ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ መዋሸት አልፈልግም። ሴት መረብ ትጠግናለች፣ ዓሣ ትበልታለች፣ ሲቀላ ከተማ ገበያ ወስዳ ትሸጣለች፤ መንጠቆ ስትወረውር ማን አይቶ ያውቃል? አስቴር ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀችና «መተዳደሪያ ደንቡን ጸሐፊው ያንብብልኝ» አለች። አነበብኩ። ደንቡ «ማንኛውም የመሥራት ችሎታ ያለው ሰው» ይላል እንጂ ወንድ የሚል ቃል የለበትም። ጓድ ዘለቀ ሰውን በደንብ ይይዙ እንጂ በደንብ ተይዘው አያውቁም ነበርና ግራ ገባቸው። ይባስ ብሎ ከጀርባቸው፣ ራሳቸው ያሰቀሉት፣ ስለ ሴቶች እኩልነት የሚያትት መፈክር ከግድግዳው ላይ ቁልቁል ያያቸዋል። ትንሽ ጉሮሯቸውን ጠራረጉና ፈተና ይደረግ አሉ። ጌታሁንና አስቴር ሦስት ቀን፣ ከንጋት እስከ ጀንበር መጥለቂያ፣ ጫሞ ዳር ያጥምዱ፤ ዓሣው ሚዛን የደፋለት ቦታውን ይውሰድ። መጠለያውንና የመወርወሪያ ዕቃውን ከማኅበሩ መጋዘን ይምረጡ ተባለ።

የመጋዘናችንን ሀብት ልንገራችሁ። አንድ የውጭ አገር ባለሙያ አገሩ ሲገባ የተወው አረንጓዴ ድንኳን ነበረን፤ ወለል ያለው፣ በዚፕ የሚዘጋ፣ መስኮቱ በወንፊት ጨርቅ የተሸፈነ፣ ገና ሲያዩት እንቅልፍ እንቅልፍ የሚል። ሁለት ባለመዘውር ዘንጎች ነበሩን፤ ሲወዛወዙ ያፏጫሉ። ከእነሱ ወዲያ ያለው ጥቅል ናይሎን፣ መንጠቆና ክር የሚያሰምጥ እርሳስ ነው። ዕጣ ሲወጣ ቀድማ የመምረጥ ዕድል ለአስቴር ደረሳት። እኔ በልቤ «አለቀለት ጌታሁን!» አልኩና ለማማከር ጠጋ አልኩ፤ ሥራዬ ነዋ።

ድንኳኑን ሁለት ጊዜ ዞረችው። ጨርቁን በጣቶቿ አሸት አሸት አደረገች።

«በሩ አንድ ብቻ ነው?»

«አንድ ነው። በመመሪያው መሠረት ወደ ውሃው ይዞራል።»

«አዞ በዚያ በኩል ሲመጣ እኔ በየት በኩል ልውጣ?»

መመሪያው ስለዚህ የሚለው ነገር አልነበረም። ዘንጉን አነሳች፣ መዘውሩን ትር ትር እያደረገች አሽከረከረች፣ መልሳ በጥንቃቄ አስቀመጠችው። «ይኼ ቆንጆ ነው። እጄ ግን አያውቀውም፤ በሦስት ቀን አንለማመድም» አለች። የወሰደችው አንድ ጥቅል ወፍራም ናይሎን፣ ጥቂት ትላልቅ መንጠቆዎችና አንድ እፍኝ እርሳስ ነው። መጠለያውንስ? «ባላ እቆርጣለሁ።» ጌታሁን ድንኳኑንና ሁለቱን ዘንጎች ተሸክሞ ሲወጣ ፊቱ የሙሽራ ፊት ነበር። እኔም ለታዛቢነት ተመድቤ ሳለ በልቤ ከእሱ ወገንኩ፤ መመሪያዬ የዘረዘረው ሁሉ በትከሻው ላይ ነበርና።

በመጀመሪያው ቀን ገና ጎህ ሲቀድ ጌታሁንና እኔ ደልዳላ ሣር ፈልገን ድንኳኑን ተከልን። እንዴት ያለ ሣር ነበር መሰላችሁ! ለጥ ያለ፣ ተስተካክሎ የታጨደ የሚመስል፣ እስከ ውሃው ድረስ እንደ አውራ መንገድ የተዘረጋ። ማን እንዳጨደው መጠየቅን ግን ሁለታችንም አልተማርንም። ጌታሁን ሊጡን ወረወረ፤ ዘንጉ አፏጨ፤ እስከ ማታ ሦስት አምባዛና አምስት ቆሮሶ ያዘ። አይናቅም።

አስቴር በበኩሏ ቀኑን ሙሉ መንጠቆዋን ውሃ አላስነካችም። በመጀመሪያ ዳርቻውን፣ እንደ ልማዷ መሬት መሬት እያየች፣ ከወዲህ ወዲያ ተመላለሰችበት። ያ አንገት መድፋት ለካ ትሕትና ብቻ አልነበረም፤ ዱካ ማንበብም ነበር። ከእኛ መቶ እርምጃ ያህል ርቃ፣ ከሥሩ ውሃው ድንገት የሚጠልቅበት ከፍታ ላይ አራት ባላ ተከለች፣ ርብራብ አጋደመች፣ የሙዝ ቅጠል አለበሰች። ማማ ሠራች! ላንቴ ውስጥ በቆሎ ከዝንጀሮ የሚጠበቅበትን ዓይነት ማማ። ከሰዓት በኋላ እላዩ ላይ ወጥታ፣ ከንፈሯን ብቻ እያንቀሳቀሰች መዝሙሯን እየዘመረች፣ ሐይቁን ስታይ ዋለች። ጓድ ዘለቀ ለጉብኝት ብቅ ብለው «የምትጠብቂው ዝንጀሮ ነው ወይስ ዓሣ?» አሏት።

«ሁለቱም ካላዩዋቸው ያመልጣሉ፣ ጓድ ሊቀ መንበር» አለች።

የማማው ነገር ለእኔ የገባኝ በማግሥቱ ነው። ከድንኳን ውስጥ የሚታየው የበሩን ያህል ነው፤ ከማማ ላይ ሐይቁ ሁሉ ይታያል። ረፋዱ ላይ ነጫጭ ወፎች የሚሰበሰቡበት፣ ትንንሽ ዓሦች ከውሃው እየዘለሉ የሚሸሹበት አንድ ቦታ ነበር። ትንሽ ሲሸሽ ትልቅ እየመጣ ነው፤ ይህን ለማወቅ ዲፕሎማ አያስፈልግም። ቦታው ግን ሩቅ ነው፤ ዘንግ የሌላት ሴት እንዴት ልትደርስበት ነው ስል፣ አስቴር ክሩን እንዳይተበተብ አድርጋ ሳፋ ውስጥ እያዞረች አስተኛችው። ትንሽ ቆሮሶ መንጠቆው ላይ በቃጫ አሰረች። እርሳሱን ከእጇ ክንድ ያህል አንጠልጥላ ከራሷ በላይ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ አሽከረከረችና ለቀቀችው።

ወንጭፍ!

በልጅነቷ ማማ ላይ ቆማ ዝንጀሮ ስታባርር ያደገች ልጅ መሆኗን ማናችንም አላሰብነውም። ክሩ ከሳፋው እየተፈታ ሄደ፣ ሄደ፣ ሄደ፤ ከጌታሁን ዘንግ ሁለት እጥፍ ርቆ ወፎቹ መካከል ጠብ አለ። ጌታሁን አፉን ከፍቶ ቀረ። ብዙም ሳይቆይ አንድ ከባድ ነገር ያዘላት። ስትጎትት፣ ስትለቅ፣ ስትጎትት ዳር አደረሰችው፤ ጀርባውን አየነው። ከዚያ ክሩ ረገበ። መንጠቆው እንደ መርፌ ቀጥ ብሎ ወጣ። ዓሣው የለም።

ያን ቀን የአስቴር ሚዛን ባዶ ነበር፤ የጌታሁን ዓሣ ደግሞ ሁለት ኬሻ ደርሷል። ማማዋ ላይ ተቀምጣ የተቃናውን መንጠቆ ለረጅም ጊዜ ስታገላብጥ አየኋት። ታለቅሳለች ብዬ ፈርቼ ነበር። አላለቀሰችም። ሁለት መንጠቆዎች ጀርባ ለጀርባ አጋጥማ፣ በጥርሷ እያጠበቀች፣ አንድ አድርጋ አሰረቻቸው። ከማማው ሥር ሆኜ «አይዞሽ» አልኳት።

«ሻንቆ ያለበት ቦታ ከዚህ ይብሳል» አለች፣ ቀና ሳትል።

ሦስተኛው ቀን ነጋ። ጌታሁንና እኔ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠን ከፔርሙዝ ሻይ እየቀዳን ነው። ጌታሁን ዘንጉን ጭኑ ላይ አጋድሞ «ጓድ አበራ፣ እውነቱን ልንገርህ አዘንኩላት» ይለኛል። እኔም አንድ ደግ ነገር ልመልስ አፌን ስከፍት መሬቱ ተንቀጠቀጠ። አንድ ነገር ከበስተኋላችን እያጓራ ይመጣል። «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ሲባል እሰማ ነበር፤ ዓሣ ጎርጓሪ ጉማሬ እንደሚያመጣ ግን የነገረኝ የለም። ለካ ያ እንደ አውራ መንገድ የተዘረጋ ሣር በእርግጥም አውራ መንገድ ነው፤ ጉማሬው ሌሊት ሲግጥ አድሮ ጠዋት ወደ ውሃው የሚመለስበት። አጫጁ ወደ ቤቱ እየገባ ነበር። ያለፉትን ሁለት ቀናት፣ እኛ ማታ ማታ የምንነቅለውን ድንኳን መልሰን ከመትከላችን በፊት ገብቶ ነው እንጂ ያኔውኑ በተዋወቅን።

ዚፑን ሳብኩት፤ ጨርቅ ነክሶ እምቢ አለ። ጌታሁን የመስኮቱን ወንፊት በዘንጉ ቀዶ ወጣ፤ እኔ በምን እንደወጣሁ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሮጥን። ዞር ብዬ ሳይ አረንጓዴው ድንኳን፣ ወለሉም ዚፑም መስኮቱም ሳይቀር፣ በጉማሬው ትከሻ ላይ ተጠምጥሞ ጫሞ ሲገባ ደረስኩ። ፔርሙዙም አብሮ ገባ።

መሸሸጊያ አንድ ብቻ ነበር።

«አንድ በአንድ ውጡ» አለች አስቴር ከላይ እጇን እየዘረጋች። «ርብራቡ የተሠራው ለአንድ ሰው ነው።»

እንግዲህ ሦስታችን፣ ተፈታኟ፣ ተፎካካሪዋና ታዛቢው፣ አንዲት ማማ ላይ ተጣበን ረፋዱን ጠበቅን። ወፎቹ መጡ። አስቴር «ጎንበስ በሉ» አለችን፤ ጎንበስ አልን፤ እርሳሱ በአናታችን ላይ እየተሽከረከረ አለፈ። ከዚያ ሳፋው ውስጥ የቀረው ክር ብቻውን መሮጥ ጀመረ።

ይህን እንዴት ልንገራችሁ? ከማማው ዘልላ ወረደች። ነጠላዋን መዳፏ ላይ ጠቀለለች፤ ክሩ ነጠላውን ቆርጦ መዳፏን አገኘው። ዓሣው ሲሄድ ትሄድለታለች፣ ሲደክመው ታመጣዋለች፣ ሲዞር ትዞራለች። ግማሽ ሰዓት ነው ሙሉ ሰዓት፣ አላውቅም፤ በሰዓቴ ላይ ዓይን አልነበረኝም። በመጨረሻ ከማማው ጎን፣ ውሃው በሚሳሳበት ዳር ላይ፣ ጎኑ ብልጭ አለ፤ ብር የመሰለ፣ እንደ ሰው የረዘመ። ያኔ ነው ከሸምበቆው ሥር ግንድ የመሰለ ነገር ሲንቀሳቀስ ያየሁት። ግንድ አልነበረም። አስቴር ዓይኗ ዓሣው ላይ ነው፤ አዞውን አላየችም። እኔ ጮህኩ፤ ከእኔ የሚጠበቀው እሱ ነው። ጌታሁን ግን ዘለለ። ከድንኳኑ ሲሸሽ እንኳ ያልለቀቃትን ያቺን የምታፏጭ ዘንግ ይዞ ውሃው ውስጥ እስከ ጉልበቱ ገብቶ የአዞውን አፍንጫ ወገረው፤ ደገመው፤ ዘንጉ ሦስት ቦታ ተሰበረ። አዞው ተመለሰ። ዓሣው ሣር ላይ ወጣ።

የማኅበሩ ወንዶች በእንጨት አንጠልጥለው ተሸክመው ወደ ማኅበሩ ሲያመጡት ጅራቱ መሬት ይጠርግ ነበር። የጌታሁንን የሦስት ቀን ዓሣ በአንድ በኩል፣ ያንን አንድ ዓሣ በሌላ በኩል ሚዛን ላይ አደረግን። የጌታሁን ሦስት ቀን ወደ ላይ ተንጠለጠለ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ፤ ሴቶቹ እልልታውን ሲያቀልጡት የሲቀላ ነጋዴ ሳይቀር ሰማ ይባላል።

ጓድ ዘለቀ ግን እጃቸውን አነሱ። «ተፈታኟ እርዳታ አግኝታለች። ስለዚህ ፈተናው ተሰርዟል ብለህ ቃለ ጉባኤ ያዝ» አሉኝ። እስክሪብቶዬን ያዝኩ። በዚያ ዘመን ቃለ ጉባኤ መያዝ ቀላል ሥራ አልነበረም፤ የጻፍከው ያስጠይቅሃል፣ ያልጻፍከው ደግሞ የበለጠ ያስጠይቅሃል። የአስቴር መዳፍ በተቀደደ ነጠላ ታስሮ፣ ደሙ ወጥቶ አየሁት። እጄ አልንቀሳቀስ አለኝ። ጌታሁን ከወደ ኋላ ብድግ አለ። ሱሪው አልደረቀም።

«ጋሼ ዘለቀ፣ እኔ ዓሣውን አልነካሁም። የነካሁት አዞውን ነው። አዞ ደግሞ የማኅበሩ አባል አይደለም።»

ሳቁ ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። በዚያ ሳቅ መሃል እጄ ተፈታልኝና ጻፍኩ፤ ጽፌም አልቀረሁ፣ ሳልጠየቅ ተነስቼ ጮክ ብዬ አነበብኩት። «ወይዘሮ አስቴር ፈተናውን በብቃት አልፈው የማኅበሩ አባል ሆነዋል።» ድምፄም እስከ አራት ነጥቡ ደረሰ። ጓድ ዘለቀ አዳራሹን ተመለከቱ፣ መፈክራቸውን ተመለከቱ፣ ከዚያ ብልህ ሰው ናቸውና ቀድመው ማጨብጨብ ጀመሩ። በኋላ እንደሰማሁት የሴቶችን ተሳትፎ በማሳደግ ረገድ ያገኙትን ድል አስመልክተው ለበላዮቻቸው የአራት ገጽ ሪፖርት ልከዋል። ይላኩ። ዓሣን መብላት በብልሃት ነው።

ጌታሁንም አልተጎዳ፤ ጀልባ መቅዘፍ ተማረና ከአስቴር ጋር መሥራት ጀመረ። የጫሞ ዳርም በዓመት ውስጥ ማማ በማማ ሆነ። እኔ መመሪያዬን የሚፈልግ ሰው ስላጣሁ ማማ መውጣት ተማርኩ።

ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ አንድ ረፋድ ላይ አስቴር ማማዋ ሥር ቆማ ከአንድ ትልቅ ዓሣ ጋር ትታገላለች፤ እኔ ትንሽ ራቅ ብዬ ተቀምጫለሁ። በዳሩ የሙዝ ተክል መካከል አንድ የወታደር ከረጢት ያነገበ፣ አንድ እግሩን የሚጎትት ሰው መጣ። ከስቷል፤ ግን አወቅሁት። ጣቱን አፉ ላይ አድርጎ ዝም በል አለኝ። ትንሽ ቆሞ አያት። ከዚያ ዓሣው አጥብቆ ሲስባት የድሮ ሙያው ሳያስበው ቀደመውና፣ ከረጢቱን ጥሎ፣ እያነከሰ ሮጦ ክሩን ከኋላዋ ያዘ።

«ልቀቅ!» አለች ሳትዞር። «ልታስመልጠኝ ነው!»

ለቀቀ። መጫወቻ የተነጠቀ ሕፃን ይመስል እጁን ዘርግቶ ቀረ። አስቴር ማን እንደሆነ ለማየት ዞር አለች። ዞር እንዳለች ቀረች። ፊቷ ላይ የሆነውን ልጽፍላችሁ ብሞክር አበላሸዋለሁ። ክሩ ግን በእጇ ነበር፣ ዓሣውም ገና አልደከመም።

«መጣህ?» አለችው።

«መጣሁ።»

«ቆይ።»

መጀመሪያ ዓሣውን አወጣች። ከዚያ በኋላ ነው ሣሩ ላይ ተቀምጣ፣ በሹክሹክታ ሳይሆን አገር እየሰማ፣ ያለቀሰችው። ሻንቆ መታጠፍ እምቢ ያለውን እግሩን ዘርግቶ አጠገቧ ተቀመጠ። ዓሣውን በዓይኑ ለካው፣ እሷን አያት፣ እንደገና ዓሣውን አየ።

«ቦታዬ አለ?» አላት።

«አለ» አለች ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች። «ግን ትንሽ ጠጋ በል።»